«የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ»፦ ስለ ሱስ፣ ስለ አደራና ስለ አማርኛ አተራረክ

1. መነሻ

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ድርሰት ልቦለድ ወይም ተውኔት አይደለም፤ የአንድ ትምህርት ቤት የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ስለ ነበርሁ ሂሱ አስቀድሞ የሚያርፈው በራሴ ብዕር ላይ ነው። ቃለ ጉባኤ እንደ ድርሰት ተቆጥሮ ሊተች አይገባም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ስለ ብዙ ሰዎች ሕይወት በጽሑፍ የቀረው ነገር ከዚህ የማያልፍ መሆኑን እንዲያስብ እጠይቃለሁ። ልቦለድ ያልተጻፈለት ሰው ቃለ ጉባኤ ይጻፍበታል። «ለት» እና «በት» በአማርኛ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለዚህ መድረክ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወጣትነቴ አማርኛ አስተምር በነበረበት ትምህርት ቤት፣ የሙዚቃ ትምህርት የሚሰጡና የሙዚቃ ክበቡን የሚመሩ አንድ አንጋፋ መምህር ነበሩ። ተማሪው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸው ነበር። ስድስት ክራር፣ ሦስት ማሲንቆና አንድ አኮርዲዮን በሞዴል 22 ፈርመው ከግምጃ ቤት ተረክበዋል፤ የሙዚቃ ክፍሉም ቁልፍ በእጃቸው ነበር። በሰኔው ቆጠራ አራት ክራሮች፣ አንድ ማሲንቆና አኮርዲዮኑ አልተገኙም። መቆለፊያው አልተሰበረም፤ መስኮቱም አልተነካም። መምህሩ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጫት አዘውትረው ይቅሙ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቅዳሜና እሑድ በሠርግ ሲጫወቱ ለማምሸት የጀመሩት ወደ ሥራ ቀን ተሻገረ፤ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ መጣ፤ ደመወዙ ወሩን መድረስ አቃተው። የሙዚቃ መሣሪያዎቹም አንድ በአንድ በመያዣ ወጡ።

ኮሚቴው ፊት ቀርበው ሲጠየቁ የመለሱት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ይዞኝ ነበር፤ የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ።» እኔ በቃለ ጉባኤው የጻፍሁት ደግሞ ይህን ነው፦ «ግለሰቡ የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ተጠቂ በመሆናቸው ምክንያት የንብረት ጉድለት መከሰቱ ተረጋግጧል።» በወቅቱ የእሳቸውን ቃል ወደ መደበኛ አማርኛ የመለስሁ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች ስለ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሚናገሩ ሆነው ይታዩኛል። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው፣ ሱስ ስላስከተለው ጥፋት በአማርኛ የምንተርክባቸው የተለመዱ መንገዶች ሰውየውን ወይ ተይዞ የተነዳ ወይ አውቆ ያጠፋ አድርገው እንደሚያቀርቡት፣ ሁለቱን በአንድነት የያዘው የባለቤቱ የራሱ ቃል ግን በጽሑፋችን ውስጥ ቦታ እንዳጣ ነው።

2. ወሬው የተነገረባቸው ዐረፍተ ነገሮች

በዚያ ሰሞን በመምህራን ማረፊያ፣ በቢሮና በግቢው የሰማኋቸውን፣ የጻፍኋቸውንም፣ እንደሚከተለው አስቀምጣለሁ።

(1) ሱስ ይዞት ሰረቀ።
(2) ያሰረቀው ሱሱ ነው።
(3) ሱሰኛ ነው።
(4) ንብረት ጎደለ።
(5) እምነት አጎደለ።
(6) ይዞኝ ነበር፤ የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት የባልደረቦችና የተማሪዎች ናቸው፤ አራተኛው የንብረት ክፍሉ፣ አምስተኛው የርእሰ መምህሩ፣ ስድስተኛው የመምህሩ ነው። ከሰዋስው አስቀድሞ አንድ ነገር ይታያል። ከቆጠራው በፊት «ጋሼ መጡ» ይባል የነበረው በአንድ ሳምንት ውስጥ «መጣ» ሆኗል። በ(1) «ይዟቸው ሰረቁ» ያለ ማንም አልነበረም። የአክብሮቱ ተውላጠ ስም ሲወሰድ የወሰደው ማን እንደ ሆነ የጠየቀ ኮሚቴ የለም፤ እንዲመለስም የወሰነ የለም። በዚህ ጽሑፍ መምህሩን «እሳቸው» እያልሁ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

3. «ያዘ»

የዚህ ታሪክ ዋና ግስ «ሰረቀ» ሳይሆን «ያዘ» ነው። መምህሩ ክራር ይይዙ ነበር። በመምህራን አነጋገር ክፍል ይዘዋል። ቁልፍ ይዘዋል፤ አደራ ይዘዋል። ከዚያ ሱስ ያዛቸው። ሐራራው ሲይዛቸው ክራሩን አስያዙ፤ ክራሩም በአንድ ሱቅ መያዣ ሆነ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ተያዙ። በአንድ ሥር ሰው ሲይዝ፣ ሲያዝ፣ ሲያስይዝና መልሶ ሲያዝ የሕይወቱ ግማሽ ይነገራል። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ቋንቋው ለእነዚህ ሁሉ ሌላ ቀላል ግስ ስለሌለው የሚሆን ነው።

ሰዋስዋዊ ባለቤቱ ግን በየደረጃው ይለዋወጣል። «ክራር ያዙ» ሲባል ድርጊት ፈጻሚው መምህሩ ናቸው። «ሱስ ያዛቸው» ሲባል ባለቤቱ ሱስ፣ ተሳቢው መምህሩ ናቸው። ይህ አወቃቀር ከ«ጉንፋን ያዘኝ» እና ከ«እንቅልፍ ያዘኝ» ጋር አንድ ነው፤ ከ«ራበኝ» እና ከ«ጠማኝ» ጋርም በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። ስሜትንና ሕመምን የሚያይ ሰው በአማርኛ ብዙ ጊዜ ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ነው። ሱስም በዚሁ ቦታ መቀመጡ ከሕክምና እውቀት ጋር የሚጋጭ አይደለም፤ እንዲያውም ሱስን ከሕመም ጋር የሚመድብ ሰዋስው ከብዙ ስብከት ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል።

ችግሩ የሚጀምረው ቀጣዩ ግስ ሲመጣ ነው። «ሰረቀ» ተሳቢ የነበረውን ሰው ባለቤት ያደርገዋል። በ(1) «ይዞት» እና «ሰረቀ» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ባለው ባዶ ቦታ የተያዘው ሰው ወደ አድራጊ ሰው ይለወጣል። የኃላፊነት ጥያቄ ሁሉ ያለው እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው።

4. ማጠፊያው

ያን ባዶ ቦታ (1) የሚሸፍነው በቦዝ አንቀጽ ነው። ቦዝ አንቀጽ ሁለት ድርጊቶችን ሲያያይዝ ቀደምና ተከታይነትን ይነግረናል፤ ምክንያትና ውጤት ናቸው ወይ ለሚለው ግን መልስ አይሰጥም። «ዝናብ መጥቶ ገበያው ተበተነ» ስንል ምክንያቱን የሚሞላው ሰሚው ነው። «ሱስ ይዞት ሰረቀ» ሲባልም እንዲሁ ነው፤ ሊራራ የፈለገ «ስለያዘው» ብሎ ይሰማል፤ ሊፈርድ የፈለገ «ከዚያም ሰረቀ» ብሎ ይሰማል። ተናጋሪው አንዱንም አላለም። በመምህራን ማረፊያ ለአንድ ወር ይህን ዐረፍተ ነገር እየተቀባበልን ሳንጣላ የከረምነው ተስማምተን አይደለም፤ ቦዝ አንቀጹ አለመስማማታችንን ሸፍኖልን ነው።

(2) ባዶውን ቦታ በግልጽ ይሞላዋል፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል። «አሰረቀ» በአስደራጊነቱ ሁለት አፈታት አለው። አንዱ «እንዲሰርቅ አደረገ» የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ዘበኛ ተኝቶ «ዕቃ አሰረቀ» ሲባል እንደምንሰማው፣ «ሲሰረቅ ዝም አለ፣ አስወሰደ» የሚለው ነው። «ያሰረቀው ሱሱ ነው» የሚል ሰው የመጀመሪያውን እንደሚያስብ ግልጽ ነው። ሁለተኛውን አፈታት ግን እኛ ላይ ብናነበው ይሠራል። በየወሩ ብድር ሲጠይቁ የሰጠናቸው፣ ጠዋት የክፍለ ጊዜ ደወል አልፏቸው ሲገቡ ያየን፣ በሙዚቃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ባዶ የቀሩትን ምስማሮች አይተን ያለፍን ባልደረቦች በዚህኛው ፍቺ አሰርቀናል። (2) «ነው» በሚለው ቃል አንዱን ነጥሎ ያጎላል፤ ሱስን ነጥሎ በማውጣት መምህሩንም እኛንም ከዐረፍተ ነገሩ አስወጥቷል። ለዚህም ይመስለኛል በማረፊያ ክፍሉ ከሁሉ የተወደደው።

5. ሙዚቀኛና ሱሰኛ

(3) ግስ የለውም። «-ኛ» የተባለው ምዕላድ ስምን ይዞ ባለሙያን፣ ባለጠባይን፣ ባለሁኔታን ይፈጥራል፦ ሙዚቀኛ፣ እውነተኛ፣ በሽተኛ፣ እስረኛ። መምህሩ ለሃያ ዓመት ሙዚቀኛ ሲባሉ ኖረው በአንድ ሰኔ ሱሰኛ ሆኑ፤ ቅጥያው አልተለወጠም፤ ፊቱ ያለው ስም ብቻ ተተካ። ቅጥያውን በራሱ መውቀስ ግን ስሕተት ይሆናል። «በሽተኛ» እና «እስረኛ» የሚሉት ቃላት «-ኛ» ጊዜያዊ ሁኔታንም እንደሚሸከም ያሳያሉ፤ በሽተኛ ይድናል፣ እስረኛ ይፈታል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ከሕመሙ የዳነን ሰው «የቀድሞ በሽተኛ» አንለውም፤ ሱስን የተወውን ግን «የቀድሞ ሱሰኛ» እንለዋለን። ቃሉ ሰውየው ከሄደም በኋላ ከስሙ ጋር ይቀራል። ስለዚህ መመርመር ያለበት ቅጥያው ሳይሆን የአጠቃቀሙ ልማድ ነው፤ መዝገበ ቃላትም «ሱሰኛ»ን ሲፈታ ይህን ከ«በሽተኛ» የሚለየውን ጠባይ ሳይመዘግብ ቢያልፍ ፍቺው ጎደሎ ይሆናል።

የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ በዚያ ቀን «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» አሉ። ርእሰ መምህሩ «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አሉ። አንዲት አረጋዊት የጽዳት ሠራተኛ ደግሞ «ዓመል ያወጣል ከመሐል» አሉና ዝም አሉ። ሦስቱም ምሳሌያዊ አነጋገሮች ስለ አንድ ሰው የተነገሩ ቢሆኑም ባለቤታቸው ይለያያል፦ ሌባ፣ ፈረስ፣ ዓመል። የመጀመሪያው ሰውየውን ቀድሞውንም ሌባ አድርጎ ይነሣል። ሁለተኛው ጉዳቱን በወደቀው፣ ማለት በተናጋሪው ላይ ያደርጋል። ሦስተኛው ግን ተሳቢውን አይጠራም፤ ዓመል የሚያወጣው ማንን እንደ ሆነ ባዶ ይተዋል። ባዶ በመሆኑም ሰሚውን ሁሉ ያካትታል። ከሦስቱ ለእውነቱ የቀረበው ይኸኛው እንደ ነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

6. ጉድለትና ማጉደል

(4) እና (5) ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። «ጎደለ» የማይሻገር ግስ ነው፤ ውኃ በማሰሮ እንደሚጎድል ንብረትም በመዝገብ ይጎድላል፤ አጉዳይ አያስፈልገውም። የንብረት ክፍል ቋንቋ ይህን መምረጡ ለሙያው ተገቢ ነው። ሞዴል 19 የገባውን፣ ሞዴል 22 የወጣውን ያሳያል፤ በሁለቱና በቆጠራው መካከል የሚገኘው ልዩነት ጉድለት ነው፤ ማን አጎደለ የሚለው የሌላ አካል ጥያቄ ነው። «አጎደለ» ሲሆን ግን አድራጊ ይመጣል፤ ከእሱም ጋር «እምነት» ይመጣል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆትንና እምነት ማጉደልን በተለያዩ አንቀጾች፣ የመጀመሪያውን በ665፣ ሁለተኛውን በ675 ለይቶ ያስቀምጣል። በመሠረቱ አንዱ ከሌላ ሰው ይዞታ መውሰድ ነው፤ ሌላው በእምነት የተሰጠን ነገር ለራስ ማዋል ነው።

ይህ ልዩነት መምህሩ በ(6) «ሰረቅኩ» ሳይሉ «ወሰድኩ» ማለታቸውን በሌላ ዐይን ያሳየናል። በወቅቱ ነገሩን ለማለዘብ የመረጡት ቃል መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ክራሮቹ ቀድሞም በእጃቸው ነበሩ፤ መቆለፊያ አልሰበሩም፤ የሰበሩት ሌላ ነገር ነው። ለዚያ ለሰበሩት ነገር አማርኛ ከሕጉ ቃል የቆየና የከበደ አነጋገር አለው፦ አደራ በላ። የሚበላው አደራ ነው እንጂ ክራሩ አይደለም። ክራሩ ሊመለስ፣ ሊተካ ይችላል፤ የተበላ ነገር ግን አይመለስም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲባል የምንሰማው ክብደት በ(4) ፈጽሞ የለም፤ በ(5) በሕግ መልክ ብቻ አለ። በቃለ ጉባኤዬ «የንብረት ጉድለት መከሰቱ» ብዬ ስጽፍ፣ «ተከሰተ» የሚለው ግስ አደራውንም፣ የበላውንም፣ የተበላበትንም ልጅ እንዳይታይ አድርጓል። በዚያ ዓመት ለወላጆች በዓል ሲለማመዱ የከረሙ ልጆች በሁለት ክራር ለሦስትና ለአራት ተራ እየጠበቁ ተጫውተዋል። ይህ በሞዴል 22 አይጻፍም።

7. «አደንዛዥ»

ቃለ ጉባኤዬ ሌላም ስሕተት አለበት። መምህሩ የሚቅሙትን ጫት «አደንዛዥ ዕፅ» ብዬዋለሁ። «ደነዘዘ» ስለ ቢላዋ ሲነገር ስለት ማጣትን፣ ስለ አካል ሲነገር ስሜት ማጣትን ያመለክታል፤ «አደንዛዥ» የዚህ አድራጊ ነው። ጫት ግን የሚያነቃ እንጂ የሚያደነዝዝ አይደለም። በውስጡ ያለው ካቲኖን እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የሥነ አእምሮ ንጥረ ነገሮች ስምምነት በመጀመሪያው ሰንጠረዥ የተመደበ ቢሆንም ቅጠሉ ራሱ በስምምነቱ አልተካተተም፤ በአገራችንም በአደባባይ የሚሸጥ ምርት ነው። ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ጫት ትኩስ መሆን አለበት፤ ትኩስ ስለሚፈለግም በየቀኑ ይገዛል። ክራሮቹ በአንድ ሌሊት ሳይሆን አንድ በአንድ የወጡት በዚህ ምክንያት ነው። «አደንዛዥ ዕፅ» የሚለው ቃል ይህን የዕለት ተዕለት ሒሳብ ሰውሮ፣ ነገሩን የሩቅና የጨለማ ጉዳይ አስመሰለው። በየመንገዱ ዳር የሚሸጥ ቅጠል ነበር።

ቃሉ በቀጠናችን ብቻውን አይደለም። የዐረብኛው «ሙኸድዲራት» ከማደንዘዝ የመጣ ነው። በኦሮምኛ «ቆሪቻ ሰሙ ሀዶቹ» ሲባል አእምሮን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ማለት ነው። የስዋሂሊው «ዳዋ ዛ ኩሌቭያ» የሚያሰክር መድኃኒት ሲሆን «ሌቭያ» የ«ሌዋ» (ሰከረ) አስደራጊ ነው። የሶማልኛው «ማንዶሪየ» ደግሞ አእምሮን የሚለውጥ ማለት ነው። አራቱም ስያሜውን ከአድራጊ ግስ ይወስዳሉ፤ ነገሩን በሰው አእምሮ ላይ ድርጊት የሚፈጽም ባለቤት ያደርጉታል። ከአራቱ የሶማልኛው ማደንዘዝንና ማነቃቃትን ሳይለይ ሁለቱንም ስለሚይዝ ለጫት የሚበቃው እሱ ነው። ልማዱን ለመሰየም ግን ቋንቋዎቹ ወደ ስም ይመለሳሉ፤ አማርኛ «ሱስ»፣ ትግርኛ «ወልፊ»፣ ኦሮምኛ «አራዳ»፣ ስዋሂሊ «ኡራይቡ» ይላሉ። በስዋሂሊ ባለሱሱ «ምራይቡ» ሲባል እንደ «ምዋሊሙ» (መምህር) የሰውን መደብ ቅጥያ ይዞ ነው፤ ሙያው ሲቀርበትም ከዚያ መደብ አይወጣም። ንጽጽሩን እዚህ የማቀርበው የአማርኛው ጉዳይ የአማርኛ ጉድለት ብቻ እንዳይመስል ነው። ዕፁ አድራጊ፣ ሰው ተደራጊ ሆኖ የሚጀምረው ትረካ የአካባቢው ሁሉ ነው፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ግን ተራኪው ነው።

8. ከልቦለድ የምንማረው

የታመነ መምህር አደራ ሲያፈርስ በአማርኛ ልቦለድ አዲስ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር በዛብህን አምነው ቤታቸው ያስገቡታል። እምነቱ ሲፈርስ ምክንያቱ ሱስ ሳይሆን ፍቅር ነው፤ ሁለቱን ማመሳሰል አልፈልግም። የማነሣው የአተራረኩን ቅደም ተከተል ነው። ደራሲው ከበዛብህ ወላጆችና ልጃቸውን ለእግዚአብሔር ከሰጡበት ስለት ስለሚጀምር፣ አንባቢው ወጣቱ የሚያፈርሰው አንድ አደራ ብቻ እንዳልሆነ አስቀድሞ ያውቃል። ሲያፈርስም «ፍቅር ይዞት አጠፋ» በሚል አንድ ቦዝ አንቀጽ አይታለፍም፤ በ«ይዞት» እና በ«አጠፋ» መካከል ምዕራፎች አሉ። ፈተናው፣ ፍርሃቱ፣ ውሳኔው እዚያ ውስጥ ናቸው። ልቦለድ ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ የሚያበረክተው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ማጠፊያውን ያስረዝማል።

በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያና በፀረ ሱስ ክበባት የሚቀርቡትን አጫጭር ተውኔቶች ከዚህ ጋር ስናነጻጽር ልዩነቱ ይታያል። እኔም አንዳንዶቹን ጽፌያለሁ። ሱሰኛው መድረክ ላይ የሚወጣው ሱሰኛ ሆኖ ነው፤ ጸጉሩ ተንጨባሮ፣ እየተንገዳገደ ይገባል፤ ይሰርቃል፤ ይያዛል፤ ተማሪው ይስቃል። በፊት ክራር ይቃኝ እንደ ነበር የሚያሳይ ትዕይንት የለም። እንዲህ ያለው ተውኔት ተማሪውን ከጫት ያርቀው እንደ ሆነ መመስከር አልችልም። ከሰውየው እንደሚያርቀው ግን በዐይኔ አይቻለሁ፤ ትናንት «ጋሼ» ያሉ ልጆች በገበያ ሲያገኟቸው መንገድ ቀየሩ።

9. ሊነሣ የሚችል መቃወሚያ

ሁለት መቃወሚያዎች ይቀርባሉ ብዬ አስባለሁ። የመጀመሪያው የቋንቋ ሊቃውንት ነው፦ ሰዋስዋዊ ባለቤትነት የሥነ ምግባር ባለቤትነት አይደለም፤ «ራበኝ» የሚል ሕዝብ ስለ ረኃቡ ከሌላው ያነሰ ኃላፊነት አይሰማውም። ይህ ትክክል ነው፤ ሰዋስው አስተሳሰባችንን አስሮታል የሚል ክርክር አላቀረብሁም። የተናገርሁት በቋንቋው ውስጥ ካሉት በርካታ አወቃቀሮች አንዱን ስለ መምረጥ ነው። (6) ራሱ አማርኛ ነው፤ ከ(1) ባልተለየ ሰዋስው የተሠራ ነው። ስለዚህ የጎደለው ቋንቋው ሳይሆን የጸሐፊው ምርጫ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ የባልደረቦቼ ነው፦ ይህ ሁሉ ለሌባ ጥብቅና መቆም ነው። ለዚህ መልሱ (6)ን በጥንቃቄ ማንበብ ነው። «ይዞኝ ነበር» ሲሉ የያዛቸውን ነገር በስም አልጠሩም፤ «ሱስ» የሚለውን ቃል መከለያ አላደረጉትም። «ነበር» ብለው ወደ ኋላ አስቀምጠውታል። ከዚያ ምክንያት አመልካቹን «ስለ»ን ወይም ሁሉን ሸፋኙን ቦዝ አንቀጽ ትተው «ግን» አሉ። ባልደረቦቼ በ(2) ሱስን ነጥለው ባጎሉበት በዚያው አወቃቀር እሳቸው ራሳቸውን ነጥለው አጎሉ። «ወሳጁ እኔ ነኝ» ማለትም ይቻል ነበር፤ «የወሰድኩት» ስላሉ ግን ተናጋሪው በግሱም፣ በተውላጠ ስሙም፣ በ«ነኝ»ም ሦስት ጊዜ ይገኛል። በስድስቱ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ሰውየውን ከሁሉ አብልጦ የሚከስሰው ይኸኛው ነው። ሰውየውን ሰው አድርጎ ያስቀረውም ይኸው ብቻ ነው። ጥብቅና የቆመ ካለ እኔ ነኝ፤ «የሱስ ተጠቂ በመሆናቸው ምክንያት» ብዬ ያልጠየቁትን ምሕረት ሰጥቼ፣ የሰጡትን ቃል ወሰድሁባቸው።

10. ማጠቃለያ

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ሱስ»፣ «ሱሰኛ» እና «አደንዛዥ» የሚሉትን ቃላት ሲፈቱ ትርጉማቸውን ብቻ ሳይሆን ከየትኞቹ ግሶች ጋር እንደሚሄዱና ለየትኞቹ ነገሮች ያለ አግባብ እንደሚውሉ ቢያሳዩ ይጠቅማል። የቃለ ጉባኤ አያያዝ የሚያስተምሩ ሰዎች የተጠያቂው ቃል በራሱ በተጠያቂው አነጋገር፣ በአንደኛ መደብ እንዲመዘገብ ቢያስተምሩ መልካም ነው፤ ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ መደብ ሲመለስ የሚጠፋው ተውላጠ ስም ብቻ አይደለም። በመስክ የንግግር ናሙና የምንሰበስብ ሰዎች ደግሞ ስለ ሱስ የሚነገረውን ከጎረቤትና ከባለሙያ ብቻ ሳይሆን ከተያዘው ሰው አፍ እንድንሰማ ያስፈልጋል።

ከአራቱ ክራሮች አንዱ በዚያው ክረምት ተመልሷል። በመያዣ የያዘው ባለሱቅ የትምህርት ቤቱ መሆኑን ሲሰማ ገንዘቡን ሳይጠይቅ አመጣው፤ ሁለት ጅማቶቹ ተበጥሰው ነበር። መምህሩ በዚያን ጊዜ ተሰናብተው ስለ ነበር የቃኘው አንድ የክበቡ ተማሪ ነው። ክራሩ በሞዴል 19 ገቢ ሲደረግ ሰነዱን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ስለ ተመለሰው ነገር ሁሉ በጥንቃቄ ጻፍሁ። የቃለ ጉባኤው አንድ ዐረፍተ ነገር ግን እስካሁን እንደ ነበረ ነው። በመዝገቡ ላይ ላርመው ሥልጣን የለኝም፤ መጻፍ የነበረበትን እዚህ አስቀምጣለሁ፦ «መምህሩ ሲጠየቁ፣ ‹ይዞኝ ነበር፤ የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ› ሲሉ መልሰዋል። ኮሚቴው ይዟቸው እንደ ነበር ያውቅ ነበር።»